ቀይ ጨርቅ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጉማራ፣ የሰባት ቀን ማስታወሻ

ሐምሌ 28

ባሕር ዳር የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ ገና አባርቶ ዘንባባዎቹ ይንጠባጠባሉ። ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጣና በክረምት ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ወንዞቹ የፎገራንና የደንቢያን አፈር ይዘው ይገቡበታል።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እናቴ እሱ ያመጣውን ዓሣ ፊሌቶ እያወጣች ለሆቴሎች ታስረክብ ነበር። ደብተሬን፣ ዩኒፎርሜን፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ወጪዬን የከፈለው ዓሣ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ከሱ ጋር በአንድ ጀልባ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩት ጋሼ ሰሞኑን ስልክ ደውለው «እኔም ሳልከተለው ነይና እይን፤ ሐይቁንም እይው» አሉኝ። ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት ለዚህ ነው። እግረ መንገዴንም ያ ያሳደገኝ ሥራ ከምን ተነስቶ ምን ላይ እንደደረሰ ቀን በቀን ልጽፍ አስቤያለሁ።

እራት ከዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቤት የተጠበሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ) በላሁ፤ በአዋዜና በሎሚ። ባለቤቷ «ዛሬ በደህና ዋጋ በላሽ፤ ፍልሰታ ይግባና ታይዋለሽ» አለችኝ። ካህናቱ ዓሣ የጾም ምግብ እንዳልሆነ ያስተምራሉ፤ ብዙ ሰው ግን ይበላል። ስለዚህ የጣና ዓሣ ገበያ የሚሞቀው ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ነው።

ሐምሌ 29

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ የሚጠጉበት ቦታ ደርሻለሁ። ጨለማው ገና አልገፈፈም፤ ሴቶቹ ግን ሳፋቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ጋሼ አቅፈው ከሳሙኝ በኋላ «ቁጭ በይ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው» ብለው ወደ መረባቸው ተመለሱ።

መረብ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። የዛሬው የተጣለው ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ነው። ጋሼ መረቡን ጉልበታቸው ላይ እየሳቡ ዓሣውን አንድ በአንድ ያላቅቃሉ። ቆሮሶ ሲሆን መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው የጀርባውን እሾህ ወደ ጭራው ያስተኙታል፤ ከዚያ ስንጥቡ ውስጥ የገባውን ክር በጥፍራቸው ነቅለው ዓሣውን በመጣበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ፊት ገፍተው ያሳልፉታል። ወደ ኋላ ከተሳበ ክሩ ይበጠሳል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። የአውራ ጣቱ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል የደነደነ ነበር።

ሲጨርሱ ሳጥኑን አየሁት። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፣ ያውም መዳፍ የሚያክል። አምባዛ ስድስት፣ ነጭ ዓሣ ሦስት። በልጅነቴ ነጭ ዓሣ እናቴን የሚያማርራት፣ እሾሁ የበዛ፣ ግን የማይጠፋ ዓሣ ነበር።

የመረቡን ተንሳፋፊ ሳይ ደነገጥኩ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ በክዳኑ ሥር ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። የአባቴ ምልክት ነው። ጋሼ «ምልክቱን አልቀየርኩም» አሉኝ። ልጃቸው ለምን አብሯቸው እንዳልወጣ ስጠይቃቸው «ወደ ፎገራ በኩል ሥራ ላይ ነው» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ሻይ እየጠጣን በሞተርና በናይሎን መረብ ማጥመድ እንዴት እንደጀመረ ጠየቅኳቸው። ከዚያ በፊት በጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከሆላንድ የመጡ ሁለት የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች በጋራ የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራምን ጀመሩ። የናይሎን መረብ መጣ፣ ሞተር ጀልባ መጣ፣ ሥልጠና ተሰጠ። አባቴና ጋሼ ገና ጎረምሶች ነበሩ። ጋሼ የመጀመሪያውን ሞተር ሲያስነሱ የተሰማቸውን ሲነግሩኝ እጃቸው የሌለ ገመድ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1987 በመረብ የተያዘው 39 ቶን ነበር፤ በ1997 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ! እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በዚያ ዘጠኝ እጥፍ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 30

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ ጋብ ሲል ወደ ነገደ ወይጦ መንደር ሄድኩ። ከሞተሩ በፊት ጣናን ያወቁት እነሱ ናቸው፤ ዛሬም ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ሰፌድና መሶብ ያበጃሉ። አንድ ሽማግሌ የደረቀ ደንገል በጉልበታቸው እየረገጡ ሲጠፍሩ አገኘኋቸው። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ ይፈልጋል፤ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ ይተካል። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌጂያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ ለሠራት «ራ» ለተባለችው ጀልባ ደንገሉን ያስቆረጠው ከዚህ ሐይቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ደንገሉ የት አለና አሁን» አሉ። ዳሩ ወደ እርሻ እየተለወጠ ደንገል ለመቁረጥ ሩቅ ይሄዳሉ። በሌላ በኩል ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው እምቦጭ የሚባል የውሃ አረም አለ፤ እሱ ባለበት ታንኳም መረብም አያልፍም።

በዚህ ሰፈር ሰዎች ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ሞተርና ናይሎን ሲታደል የደረሰው በአብዛኛው እንደ አባቴ ላሉ የከተማ ልጆች ነው። ውሃውን ለዘመናት የሚያውቁት በቀዘፋ ቀሩ። ይህን ቀደም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ቀትር ላይ የዓሣ ገበያ ግርግር። ትናንት የነበረው ዋጋ ዛሬ የለም።

ከሰዓት የክፍል ጓደኛዬን አገኘኋት። እሷ ትምህርቷን በዓሣ ሀብት ቀጥላ ዛሬ በምርምር ሥራ ላይ ናት። መደርደሪያዋ ላይ በመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጡ ነጭ ዓሣዎች አሉ። እኔ «ነጭ ዓሣ» ብዬ በአንድ ስም ስጠራው የኖርኩት ለካ አንድ አይደለም። አንዱ ከንፈሩ እንደ ጎማ የወፈረ ነው፤ አንዱ አፉ ወደ ላይ ተከፍቶ ሰማይ ያያል፤ አንዱ ጀርባው ጎብጧል፤ ሌላው ረጅምና ቀጭን፣ ለሩጫ የተሠራ ይመስላል። በጣና ውስጥ እንዲህ ያሉ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉ። ሌላ የትም የሉም። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው ሆነው ሳለ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ።

«ጢስ ዓባይ ነው የጠበቃቸው» አለችኝ። 40 ሜትር ያህል የሚወርደውን ፏፏቴ ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ሐይቁ ለብቻው ሆኖ የራሱን ዘር አበጀ። እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ በሌላ አንድ ሐይቅ ነበር፣ በፊሊፒንስ በላናኦ። ያኛው ከመጠን ባለፈ ማጥመድና ከውጭ በገባ ዓሣ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የቀረው የኛው ነው።

ከዚያ የማልፈልገውን ቁጥር ነገረችኝ። ከሆላንዱ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከኛዎቹ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት በኋላ በደቡባዊው የጣና ክፍል የነጭ ዓሣውን ብዛት ለክተው ነበር። በክብደት 75 በመቶ ያህል ወርዶ አገኙት። ትንንሾቹ፣ ነገ የሚያድጉት፣ 90 በመቶ። ማለትም ሐይቁ የጎደለው ዓሣ ብቻ ሳይሆን ልጅ ነው።

ምክንያቱ ጊዜውና ቦታው ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ከሐይቁ ተነስተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ጣና በሚገባበት ይሰበሰባሉ። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ነው። ገበያው ዓሣውን አጥብቆ የሚፈልግበት ሰሞንና ዓሣው እንቁላሉን ይዞ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ የሚቆምበት ሰሞን አንድ ነው። ይህን ሳስበው ወንበሬ ላይ ተደላድዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ስለ ሆላንድም አወራን። ዓሣ ያበለጸጋት አገር ናት፤ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በጨው አሽገው በመርከብ መነገድ የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው። ለኛ መረብ ካመጡት ድርጅቶች የአንዱ መነሻ ኡርክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ኡርክ ራሷ ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1932 የባሕሩ መግቢያ በትልቅ ግድብ ሲዘጋ ጨዋማው ባሕር ሐይቅ ሆነ፣ የሚያውቁት ሄሪንግ ጠፋባቸው። ኡርኮች ግን መርከባቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ባሕር ወጡ። እዚያም የሄሪንጉ ብዛት በማጥመድ ብዛት ተመታና እ.ኤ.አ. በ1977 ማጥመዱ ተከለከለ። ቀስ በቀስ መከፈት የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዓሣውም አገገመ።

1977ን ከ1986 ጋር አስተያየሁት። ባሕራቸውን ለሄሪንግ አጥማጅ በዘጉ በዘጠነኛው ዓመት ነው መረቡ ለኛ የመጣው። መረቡንና ሞተሩን ተቀበልን፣ መዝጊያ ወሩን ግን ማንም አልሰጠን፣ እኛም አልጠየቅንም። ያመጡልንን ሰዎች ልወቅስ አይደለም፤ ችግሩን ለክቶ የነገረንም የነሱው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕግ የለም ማለትም አይቻልም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ግን ሕጉ ወንዙ ዳር ቆሞ አላየሁትም። ነገ ሄጄ ልይ ብዬ ጀልባ ተከራየሁ።

ነሐሴ 2

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ባለጀልባው ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። የክብራንና የእንጦንስ ደሴቶች በግራችን በጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ውሃው ረጋ ያለ ነበር። ጣና በአማካይ ዘጠኝ ሜትር ያህል ብቻ ነው ጥልቀቱ፤ ነፋስ ከነካው ግን ጥልቀቱ አያጽናናም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ሳንጠብቅ መመለስ አለብን።

በምሥራቁ ዳር እያለፍን ፎገራ ተዘረጋ። ዳርና ማሳ አይለይም፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣ ከብቶቹ ጭምር እስከ ጉልበታቸው ጠልቀው ይግጣሉ። ጉማራ ወደ ጣና ሲገባ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቀይ ቡናማ ውሃው በሐይቁ ላይ እንደ ምላስ ይዘረጋል፤ ፔሊካኖች ጠርዙ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ ያየሁት ሃይላንዶቹን ነው። ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውኩት። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው፣ መሐል ላይ፣ በስተጀርባ፣ አንዱ መረብ ከሌላው ኋላ። ዓሣ ከሐይቅ ወደ ወንዝ ለማለፍ ይህን ሁሉ መጋረጃ መሻገር አለበት። ባለጀልባዬ ሞተሩን አጥፍቶ በቀዘፋ አስገባን። አንዳንዱ መረብ ቀጭን፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ ነጠላ ክር ነው፤ ከሱዳን በኩል ይገባል። ሲበጠስ አይጠገንም፤ ሰው እዚያው ይጥለዋል፣ ሳይበሰብስ ዓሣ ይዞ ይኖራል።

ሁለት ወጣቶች መረብ ሲያነሱ ተጠጋናቸው። አንዱ ትልቅ ነጭ ዓሣ አውጥቶ ጀልባው ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ ሆዱ የጀልባውን ጠርዝ ስለነካ ብቻ፣ እንቁላሉ ፈሰሰ። ጤፍ የሚመስል ሳይሆን ከሽምብራ ቆሎ ያነሰ፣ ብርቱካናማ፣ የሚያበራ ነው። ወለሉ ላይ ካለው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እግሩ ሄደ። ልጁ በጣሳ ቀድቶ ከውሃው ጋር ወደ ሐይቁ ደፋው። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ጀልባውን እያጸዳ ነው። ስሙን ጠየቅኩት፣ ሳቀ፣ ዳቦ ሰጠኝ። እኔም በላሁ።

ለመመለስ ስንዞር ከወንዙ አፋፍ በቅርብ አንድ ረድፍ ጠርሙስ ታየኝ። በክዳናቸው ሥር ቀይ ጨርቅ አለ። ባለጀልባዬን «ጠጋ በል» አልኩት። ጠጋ አለ። ጨርቁን በእጄ ያዝኩት። አስተሳሰሩ ሁለት ዙርና አንድ ቋጠሮ ነው፣ እንደ አባቴ። ከሥሩ መረቡ ተወጥሮ ከብዶ ወደ ታች ይስባል። የጋሼ ልጅ «ወደ ፎገራ በኩል» ያለው ሥራ ይህ ነው።

በመመለሻው ከባለጀልባው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ነሐሴ 3

ጠዋት ላለመሄድ አስቤ ነበር። ግን መግቢያውን አይቼ መድረሻውን ሳላይ መቅረት ከበደኝ። በሚኒባስ በሐሙሲት በኩል ወደ ዋንዛዬ ሄድኩ። ፍል ውሃው ዘንድ ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ናቸው። የጉማራ ገባር ወደሆነች አንዲት ትንሽ ወንዝ አንድ ገበሬ በእግር ወሰዱኝ። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ጥልቀት በሌለው፣ በሚፈጥን፣ አየር በበዛበት ውሃ፣ እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል እንዲቀመጥ። የዛሬው ውሃ ደፍርሶ ታችው አይታይም።

ጠጠሩ ግን ዳር ላይ ተከምሯል። በበጋ ተዝቆ ሲኖትራክ እየጠበቀ የቀረ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሚነሳው ፎቅ ሁሉ ከዚህ ይጠጣል። ገበሬው ብርብራ ስለሚባለው ዛፍም ነገሩኝ፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጣል ዓሣው ትንሽ ትልቅ ሳይል ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። «እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ፤ ልጆቼን ግን ከልክያለሁ። ከብቶቹ ከዚያው ነው የሚጠጡት» አሉ። ከተማ ሆኜ ያልሰማሁትን የቁጥጥር ሐሳብ የሰማሁት ከሳቸው ነው፤ ወንዙ የሚያልፍበት ቀበሌ ሁሉ የራሱን ክፍል ይጠብቅ፣ ጠባቂውም ከዓሣው ተጠቃሚ ይሁን።

እኔ የማምነውን ልጻፍ። በነዚህ የክረምት ሳምንታት የወንዞቹ መግቢያ መዘጋት አለበት። ለዚያ ጊዜ ደግሞ አጥማጁ የሚበላው ነገር ይኑረው፤ ጓዳው ባዶ የሆነ ሰው አዋጅ አይሰማም፣ መስማትም አይችልም።

ነሐሴ 4

ጋሼን ቤታቸው አገኘኋቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው በእንጨት መርፌ መረብ ይጠግናሉ። ቡና ቀረበ። ሁለተኛው ሲኒ ድረስ አልተናገርኩም። ከዚያ ጉማራ መሄዴን ነገርኳቸው፤ ቀዩን ጨርቅም።

መርፌውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ጀልባ ተከራየች ሲሉኝ አውቄያለሁ።»

«ጋሼ፣ እንቁላል የያዘ ዓሣ ነው እኮ። እዚያ ከተያዘ ነገ ምን ይቀራል?»

«አንቺ ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አባትሽ አንቺን ሁለተኛ ደረጃ ሲያስገባ፣ ነሐሴ ላይ መረቡ የት የነበረ ይመስልሻል?»

መልስ አልነበረኝም። መስከረም ሲጠባ አዲስ ጫማ ይገዛልኝ ነበር። በየዓመቱ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

«እኛ አያልቅም ብለን ነበር» አሉ። «ሐይቁን አይተሽዋል፣ ወዲያኛው ዳር አይታይም። ያልቃል ያለን አልነበረም። የኔ ልጅ ግን እንደሚያልቅ እያወቀ ነው የሚጥለው። እሱ ነው የሚከብደኝ። ተው ብለው፣ ሁለት ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው። ክረምቱን ዝጉ ቢሉን ክፉ አይደለም፤ ክረምቱን በምን እንደር ብሎ የጠየቀን ግን የለም።»

ቡናው ቀዘቀዘ። ጋሼ ከጎናቸው ካለ ማዳበሪያ ውስጥ ባዶ ሃይላንድ አውጥተው ቀይ ጨርቅ ቀደዱና ጫፉን እንድይዝላቸው ሰጡኝ። ያዝኩላቸው። ሁለት ዙር አዙረው አንድ ጊዜ ቋጠሩት።

ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነው። ድምፁ ከሩቅ፣ ከሞተር ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ይሰማኛል፤ ሌሊት ጎርፍ ወርዶ ዓሣው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ጋሼ አዳምጠው፣ «እሺ፣ በርታ፣ ነፋሱን ተጠንቀቅ» ብለው ዘጉት።

«ሞልቷል ይላል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታም ነበር። ከዚያ ሌላ ጠርሙስ አወጡ።